ጋሼ እኔ ቤት ይኖራሉ

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምላቸው፣ የቤቱን ትዕግሥት ጠቅልለው ወስደው ለእኔ የተረፈኝ ምላስ ብቻ ነው። እናታችን በሕይወት ሳለች ይህንኑ እያነሳች ትስቅብን ነበር። ጋሼ ውሃ ቢጠማቸው «ውሃ ስጡኝ» አይሉም፤ ሌላ ሰው ሲጠጣ እስኪያዩ ይጠብቃሉ፤ ያኔም ካልተሰጣቸው ዝም ነው። እኔ ደግሞ ሳይጠማኝ እጮሃለሁ። የማወራው ነገር ሁሉ ከዚህ ጠባያቸው የመጣ ስለሆነ አስቀድሜ ልናገረው ብዬ ነው።

ሜልቦርን መጀመሪያ የገቡት እሳቸው ናቸው፤ በሱዳን በኩል፣ በስደተኝነት። ዶሮ ፋብሪካ ውስጥ ብርድ ላይ ቆመው እየሠሩ ሴንት አልባንስ ቤት ተከራዩ፤ ዜግነት አገኙ፤ ከዚያ እኔን ስፖንሰር አድርገው አስመጡኝ። በመጣሁ በሳምንቴ ጋዝ ኩባንያ ደውለው ስሜን ከስማቸው ሥር አስጻፉ። እኔ ብርድ ልብስ ይገዙልኛል ብዬ ስጠብቅ የጋዝ ቢል ይዘው መጡ። «ይኸውልሽ፣ እዚህ አገር ስምሽ ያለበት ቢል ከሌለሽ፣ አለሁ ብትዪ ማንም አያምንሽም» አሉኝ። የመንግሥትን የጤና መድን ካርድ፣ እኛ አረንጓዴዋ ካርድ የምንላትን፣ ያወጣሁት ያቺን ቢል ይዤ ሄጄ ነው። ልጄን በእሷ ወለድኩ፤ የሐሞት ጠጠሬን በእሷ አስወጣሁ።

ከሰባት ዓመት በፊት እናታችን አልጋ ላይ ዋለች። ከጋሼና ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። እኔ ሕፃን ይዤ፣ ሥራ ይዤ፤ እሳቸው ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። «ሁለት ወር ልያትና እመለሳለሁ» ብለው ሄዱ። ሁለቱ ወር ሰባት ዓመት ሆነ። እያገላበጡ፣ እያጠቡ፣ በማንኪያ እያጎረሱ አስታመሟት። በደወልኩ ቁጥር መልሳቸው «ደህና ናት፣ ደህና ነን» ነበር። ስታርፍ ከደብራችን ቀበሯት፤ ተዝካሯን አወጡ። ከዚያ አንድ ቀን ደውለው «ልመጣ ነው» አሉኝ። ለምን አላልኩም፤ ወንድሜ አይደሉ እንዴ?

መስከረም ሊያልቅ ሲል ደረሱ። በእኛ ሰፈር ያ ወቅት ፀደይ ነው ይባላል እንጂ ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ኮታቸው ሰፍቷቸው ትከሻቸው ላይ ይዋኛል። «ምነው እንዲህ ከሱ?» ስላቸው «ማስታመም ያከሳል» አሉኝ፤ እኔም አመንኳቸው። እኛ በዚያ ጊዜ ሆፐርስ ክሮሲንግ ቤት ገዝተን እዳውን እየከፈልን ነው። ባሌ ዌሪቢ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ እኔ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ልጄ ክፍሏን ለቀቀችላቸውና ወደ ትንሿ ክፍል ገባች። ጋሼ ሻንጣቸውን በሩ ሥር አቆሙት። «ልብስዎን ቁምሳጥን ውስጥ ልስቀልልዎ» ብላቸው «ተዪው፣ የልጅቷን ቦታ አላጣብብ» ብለው ከለከሉኝ። ሶፋው ላይም ሲቀመጡ ጫፉ ላይ ነው፤ ቴሌቪዥን ለመክፈት ያስፈቅዳሉ፤ የጠጡበትን ብርጭቆ ማንም ሳያያቸው አጥበው ይመልሳሉ።

ባሌም ለይሉኝታ ከእሳቸው አያንስም። ሁለቱ በር ላይ ከተገናኙ አበቃ። «ይቅደሙ ጋሼ»፣ «ኧረ አንተ እለፍ» ሲባባሉ እኔ የገበያውን ፌስታል እንደተሸከምኩ በመሃላቸው ሾልኬ እገባለሁ።

የጋሼ አረንጓዴ ካርድ ጊዜዋ አልፎባታል። ዜጋ ናቸው፣ ፓስፖርታቸው ደህና ነው፤ ስለዚህ ሄዶ ማሳደስ ብቻ መስሎኝ ነበር። ካርዷን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ስንሄድ ነው ነገሩ የገባን። ከአምስት ዓመት በላይ ውጭ የቆየ ሰው፣ ዜጋም ቢሆን፣ ተመልሶ እዚህ መኖር መጀመሩን ማሳየት አለበት። የቤት ኪራይ ውል፣ ስሙ ያለበት ቢል፣ የባንክ ወረቀት፣ ሥራ፣ ከዚያኛው አገር ጓዙን ጠቅልሎ መውጣቱን የሚያሳይ ነገር ይጠየቃል። ጋሼ ከዚህ ሁሉ አንዱም የላቸውም። ያላቸው አንድ ሻንጣና የደርሶ መልስ ትኬት ነው። ትኬት ሻጩ ደርሶ መልሱ ይረክሳል ስላላቸው ነው የገዙት።

ያነጋገረችን ልጅ ትሑት ናት፤ እሷን አላማም። አስተርጓሚ በስልክ አቀረበችልንና «ለጊዜው የቃል ጥያቄ ልጠይቅ፣ መልሱን ግን እሳቸው ራሳቸው ይስጡኝ» አለች። የቤቱ ባለቤት ነው ብዬ ባሌን ይዤው ሄጄ ነበር፤ ጋሼ አጠገብ ተቀምጧል። ያንን ነው ዛሬም ድረስ የማስበው፤ ባሌ እዚያ ባይቀመጥ ኖሮ እላለሁ።

የት እንደሚኖሩ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ወደ ባሌ ዞር ብለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉና «የእህቴ ባል ተቀብሎኝ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። እንግዳ ነኝ» አሉ። ለምን ተመለሱ ተባሉ። «እህቴን ልጠይቅ» አሉ። እስከ መቼ ይቆያሉ ተባሉ። «አላስቸግራቸውም፤ እግዚአብሔር እስከፈቀደ» አሉ።

ይህን ሐበሻ ቢሰማው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሰው በሌላ ሰው ቤት፣ ያውም በእህቱ ባል ፊት፣ ቤቴ ነው አይልም፤ እንግዳ ነኝ ይላል፤ ባለቤቱ ደግሞ «ምን ማለትዎ ነው፣ ቤትዎ ነው» ይላል፤ እንዲህ ተባብለው እስኪሞቱ አብረው ይኖራሉ። አስተርጓሚው ግን የተባለውን ነው የተረጎመው፤ ሥራው ነው። ልጅቷም የሰማችውን ጻፈች። እንግዳ ነው፣ እህቱን ሊጠይቅ መጣ፣ የሚቆይበት ጊዜ አልታወቀም፣ የመመለሻ ትኬት አለው። ባሌ ይባስ ብሎ «ኧረ ጋሼ፣ ቤትዎ ነው እኮ» አለ በአማርኛ። አስተርጓሚው በስልኩ ውስጥ «ይቅርታ፣ አሁን የተናገረው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ልናገር ስል ልጅቷ እጇን በትሕትና አነሳችብኝ። ተቃጠልኩ።

የታገስኩት የመኪናው በር እስኪዘጋ ነው። ከዚያ ምን ያላልኩት ነገር አለ! ማነው እንግዳ? ያስመጣኝ ማነው? ጋዝ ቢሉን ማን አስተማረኝ? ጋሼ ከኋላ ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲሰሙኝ ቆዩና «ታዲያ ሰውየው አጠገቤ ተቀምጦ፣ ቤቴ ነው ልበል?» አሉ። ባሌ መሪውን እንደያዘ «ጋሼን አትቆጪ» አለኝ። ሁለቱንም ተቆጣሁ። ማታ ልጄ ነገሩን ስትሰማ ትከሻዋን ነቅንቃ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ እዚህ እንደሚኖሩ ግልጽ አይደለም ወይ፣ የጥርስ ብሩሻቸው እኮ መታጠቢያ ቤት ነው አለች። ከሁላችንም እሷ ትሻላለች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። እዚህ አገር ነዋሪ መሆናቸውን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አልቀረበም፣ ተጨማሪ ካለ ይላክ ይላል። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት ሴት ምን ያስጨንቅሻል፣ የኪራይ ውል ጽፋችሁ አስፈርሟቸው አለችኝ። ለባሌ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። የሚስቴን ወንድም ተከራዬ ነው ብዬ ልፈርም፣ ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል አለ። ማነው የሚሰማው፣ የመንግሥት ፋይል ውስጥ ሐበሻ ተቀምጧል ወይ አልኩት። ጋሼ ክፍላቸው ሆነው ሰምተውናል። ወጡና እሱ እውነቱን ነው፣ ሳልከፍል ከፋይ ነኝ ብዬ አልፈርምም፣ ያልሆነ ነገር አትጻፉብኝ አሉ። እሺ ብዬ አፌን ያዝኩ፤ ለእኔ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ የእውነቱን መሰብሰብ ጀመርኩ። ስልክ በስማቸው አወጣሁላቸው። የድሮ የባንክ ሒሳባቸውን አድራሻ አስቀየርን። አንድ ቀን በምሳ ዕረፍቴ ላይ ከወጥ ቤቱ ጓሮ ቆሜ ጋዝ ኩባንያ ደወልኩና ስማቸውን ከስሜ ሥር አስጻፍኩ። ፊደሉን አንድ በአንድ ለኩባንያው ሠራተኛ ስቆጥርላት ያን የሴንት አልባንሱን ቀን አስታውሼ መሃል ላይ አቆምኩ፤ ሴትየዋ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ፣ ሃሎ» ትላለች። ችግሩ ቢል ቶሎ አይመጣም። ባንኩም ቶሎ አይልክም። መጠበቅ ነው።

እስከዚያ ጋሼ እየቀለሉ ሄዱ። ከመጡ ጀምሮ ምሳ አይቀምሱም። ጽጌ ነው አሉኝ። የጽጌ ጾም የፈቃድ ስለሆነ እኔ ጾሜው አላውቅም፤ እሳቸው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾመኛ ናቸው፤ ማታ ማታ ቀጠን ያለ ሽሮ ወይም ሾርባ ይጠጣሉ። እንጀራውን በጣታቸው ይነኩታል እንጂ አይቆርሱትም። ጽጌ ሲያልቅ የነቢያት ጾም እስኪገባ በመሃል ጥቂት የፍስክ ቀን አለ። በዚያ መሃል አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጥብስ ሠራሁ። ዛሬማ ጾም የለም፣ ዛሬ የት ያመልጡኛል ብዬ ነው።

ሆዳቸው እንደሞላ ነገሩኝ፤ አልሰማኋቸውም። ጠቅልዬ «በሞቴ» ብዬ ዘረጋሁላቸው። ጋሼ በሞቴ ተብለው አይመልሱም። ጎረሱት። አኘኩት፣ አኘኩት፤ እኛ ሌላ ወሬ ጀምረን ጨርሰን እሳቸው ገና ያኝካሉ። ሲውጡት አንገታቸው ተገተረ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ይቅርታ በሚል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተነሡና ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዱ። እኔ በምሠራበት ቤት መዋጥ ለተሳናቸው ሰዎች ምግብ እየፈጨሁ ነው የምውለው። ያንን የአንገት መገተር አውቀዋለሁ። እጄ ላይ የነበረውን ሳህን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም፤ ተከትያቸው ሄድኩ። ገንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ነበር፤ ሲያዩኝ የውሃውን ቧንቧ ከፈቱ።

«ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

ከአገር ቤት ጀምሮ ነው። እናታችን ሳትሞት ነው የጀመራቸው። አዲስ አበባ አንድ ሐኪም አይቷቸው፣ ይህ ቶሎ መታየት አለበት፣ ካርድ ያለዎት አገር ይሂዱ ብሏቸው ነው የመጡት። ይህን ሁሉ የነገሩኝ የመታጠቢያ ገንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እንዳጠፋ ልጅ መሬት መሬት እያዩ ነው። ታዲያ ያቺ ልጅ ለምን ተመለሱ ስትልዎ ታምሜ ነው ለምን አላሏትም ብዬ ጮህኩባቸው።

«ለመታከም ነው የመጣው እንዳልባል» አሉ። «ሰባት ዓመት ቀርቼ፣ ሲያመኝ ጊዜ አገሬ ነው ብዬ ልምጣ? ደግሞ አንቺ ያኔ አስታማሚ ልትሆኚ ነው። እኔ ከዚያ ገና መውጣቴ ነው፤ አውቀዋለሁ።»

 ፎጣ አንስቼ አፋቸውን ጠረግኩላቸው።

በማግሥቱ ሰፈራችን ያለው ጂፒ፣ ጠቅላላ ሐኪሙ ጋር ወሰድኳቸው። እኔ ስከፍል ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የክትባት ማስታወቂያ ያነብባሉ። ሐኪሙ ካዳመጣቸው በኋላ አስቸኳይ ብሎ ሪፈራል ጻፈ፤ በካሜራ የምግብ ቧንቧቸው መታየት አለበት። ሆስፒታሉ ስንደውል የካርድ ቁጥር ጠየቁን። የለም ስንል ድንገተኛ አደጋ ከሆነ በማንኛውም ሰዓት አምጧቸው፣ ምርመራውና የሚከተለው ሕክምና ግን ካርዱ እስኪመጣ በራሳቸው ወጪ ነው አሉን። ባሌ አንድ ደቂቃ አላመነታም። ከቤቱ ላይ እንበደራለን አለ። ይህን አልረሳለትም።

ጋሼ እምቢ አሉ። በእኔ ምክንያት ቤታችሁን አታስይዙም፣ እዚህ አገር ሠርቼ የከፈልኩት ግብር አለኝ፣ ካርዴ ይመጣል አሉ። አፈር ስሆን አልኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ልጄ አለቀሰችላቸው። ትዕግሥተኛ ሰው እምቢ ሲል እንዴት እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል፤ የሚገፋበት ቦታ የለውም። ነገ ሆስፒታሉ እደውላለሁ ብዬ ስነሣ፣ «እኔ ካልፈቀድኩ ማን ይቀበልሻል» ብለው ይስቁብኛል። እናም ጾሙ ገባ፤ እሳቸውም ጾሙን ይዘው ተሸሸጉ።

መሥሪያ ቤቱ ደውዬ መታመማቸውን ስነግራቸው፣ አብሯቸው የሚኖረው ሰው በመሐላ የሚያረጋግጥበት ወረቀት ቢጨመር ይረዳል አሉኝ። እዚህ አገር እንዲህ ያለውን ወረቀት ፋርማሲስትም ያስምላል። ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ወዳለው ፋርማሲ ጋሼን ይዤ ሄድኩ። በሳል ሽሮፕና በፀሐይ ቅባት መሃል፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ ወረቀቱን አንብቢና እውነት መሆኑን በቃልሽ ተናገሪ አለኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ወንድሜ እኔ ቤት ይኖራሉ፤ ኑሯቸውን እዚሁ ሊያደርጉ ተመልሰዋል፤ ወደ ውጭ ተመልሰው ለመኖር አላሰቡም። ስጨርስ ዞር ስል ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ወንጌል እንደሚነበብ ቆመዋል። ከኋላቸው አንዲት ፈረንጅ ሻምፑ ይዛ ተራ ትጠብቃለች። ሳቄ መጥቶ ከንፈሬን ነከስኩ።

ውጭ ስንወጣ ምን ብለሽ ማልሽ አሉኝ። ቃል በቃል በአማርኛ ነገርኳቸው።

«ተመልሰው አይሄዱም አልሽ?»

«አዎ።»

«ስለ እኔ ማልሽ» አሉ። እቤት ስንደርስ ወደ ክፍላቸው ገቡና የሻንጣቸውን ዚፕ ሲከፍቱ ሰማሁ። ልብሳቸውን አንድ በአንድ ቁምሳጥኑ ውስጥ ሰቀሉ፤ ባዶውን ሻንጣ ራሳቸው ጋራዥ ወስደው መደርደሪያው ላይ አወጡት። እኔ ሞኟ በመጨረሻ ገባቸው ብዬ ደስታዬን አልችለው ብዬ ነበር።

የመጀመሪያው የጋዝ ቢል ስማቸውን ይዞ መጣ፤ ከባንኩና ከስልኩ ወረቀት፣ ከመሐላው ጋር ላክነው። ፈረንጆቹ ገናቸውን አክብረው እስኪመለሱ ሁሉ ነገር ዘገየ። የእኛ ገና ካለፈ በኋላ ካርዷ በፖስታ መጣች። ጋሼ አገላብጠው አዩዋት፤ ስማቸውን በጣታቸው ዳሰሱትና ደረት ኪሳቸው ከተቷት። በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ገቡ። መግቢያው ላይ ያለው ሠራተኛ የት እንደሚኖሩ ሲጠይቃቸው እኔን ሳያስቀድሙ፣ ባሌንም ሳያዩ፣ የቤታችንን ቁጥርና መንገዱን በእንግሊዝኛ ተናገሩ።

ካንሰር ነው። ወደ ጉበታቸው አልፏል፤ ቀዶ ሕክምና አይሆንም። ምግብ እንዲያልፍላቸው ቱቦ ያስገቡላቸዋል፤ ለሕመሙ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሠራ ነገር የለም። የሆስፒታሉን ሐኪም ወደ ኮሪደሩ አወጣኋትና በጥቅምት ብናመጣቸው ኖሮስ አልኳት። ገና እዚህ ሳይመጡ ተሰራጭቶ የነበረ ይመስላል፣ ወራቱ ብዙ ለውጥ አያመጡም ነበር አለችኝ፣ ክንዴን ይዛ። ደግ ሴት ናት። አላመንኳትም፤ ዛሬም አላምናትም።

ቱቦው ከገባ በኋላ ወደ ቤት መለስናቸው። ባሌ አንድ ምሽት ወደ ጎን ጠርቶኝ የጋሼ የመመለሻ ትኬት ጊዜው እንዳላለፈ አስታወሰኝ። ጋሼ ከሁሉ በላይ የሚመኙት ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ እናታችን አጠገብ፣ ከደብሩ ዋርካ ሥር መቀበር ነው። መቃብሯን ሲያሳጥሩ ለራሳቸውም በጎን እንደተዉ በስልክ ነግረውኝ ነበር። ሐኪሟም አሁን አቅም ሳላቸው መብረር ይችላሉ ብላለች። ከሥራዬ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ቀኑን መረጥኩ፤ ከዚያ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጬ ነገርኳቸው። ይዤዎት እሄዳለሁ፣ እስከ መጨረሻው አልለይዎትም አልኳቸው። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ ማልሽ እኮ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«አይሄዱም ብለሽ። ቆሜ ሰምቻለሁ።»

ኧረ በስማም አልኩ። ያ ወረቀት ነው ጋሼ፤ ታሞ አገሩ ሄደ ብሎ የሚጠይቅዎ መንግሥት የለም፤ ያኔ የጻፍነው እውነት ነበር፣ አሁን ነገር ተለወጠ፤ ማንም ውሸት አይለውም። ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ፤ ሲያልቅብኝ ደግሜ ተናገርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«መንግሥትን ማን አነሣው?» አሉ። «የማልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ብሄድ ውሸት የሚሆነው ያንቺ ቃል ነው። እህቴን በሐሰት አስምዬ፣ እናቴ አጠገብ ምን ብዬ እተኛለሁ?»

ቄስ አመጣሁባቸው። ቄሱም ልጄ ይህ እንደ ሐሰት መሐላ አይቆጠርም ብለው ነገሯቸው። ጋሼ እጃቸውን ስመው፣ ይባርኩኝ ብለው፣ ከሐሳባቸው ፍንክች አላሉም። ጋራዥ ገብቼ ያን ባዶ ሻንጣ ከመደርደሪያው አውርጄ በእግሬ ደጋግሜ መታሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልዋሽ? ከሐዘኔ ሥር ደስታም ነበረበት። አይሄዱብኝም፤ የእኔው ናቸው። ይህን ደስታ ዛሬም ሳስበው ያመኛል፤ የእናቴን ጎን ነው የቀማኋቸው።

ከዚያ ወዲያ ግን ጋሼ ሌላ ሰው ሆኑ። ሶፋው ላይ እስከ መደገፊያው ድረስ ለጠጥ ብለው ይቀመጡ ጀመር። ሪሞቱን ይይዛሉ፤ የልጄን ፕሮግራም ይቀይሩና ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ በእንግሊዝኛ፣ እሳቸው በአማርኛ። ከባሌ ጋር በር ላይ ሲገናኙ እሳቸው ይቀድማሉ። አንድ ከሰዓት ሺፍቴን ጨርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ከሳሎን ጠሩኝና «ውሃ አምጪልኝ» አሉኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላሁት። በዕድሜዬ ሙሉ ውሃ ሲጠይቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

ክረምቱ ሲበረታ፣ ሰኔ ውስጥ፣ አረፉ። ያረፉት ልብሳቸው ተሰቅሎ በሚታይበት ክፍል፣ ባሌ እግራቸውን እያሻሸላቸው ነው።

የቀብር ሥርዓት የሚያስፈጽመው ሰውዬ ለሞት ምስክር ወረቀቱ የሚሞላ ፎርም ይዞ ቤታችን መጣ። ስማቸውን፣ የትውልድ ቦታቸውን፣ የአባትና የእናታችንን ስም ጠየቀኝ። ከዚያ ነዋሪነታቸው የት እንደነበር ጠየቀ። ሳላስበው ብድግ አልኩና መሳቢያውን ከፍቼ ወረቀታቸውን የሰበሰብኩበትን ማህደር አመጣሁ። የጋዝ ቢሉን፣ የባንኩን ወረቀት፣ የስልኩን፣ መሐላውን፣ ካርዷን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ሰውዬው አላነሣቸውም። በርኅራኄ አየኝና «ይሄ አያስፈልግም እትዬ» እንደማለት ያለ ነገር በእንግሊዝኛ አለኝ፤ የነገሩኝ ይበቃል አለ። የቤታችንን አድራሻ ነገርኩት፤ ማስረጃ ሳይጠይቀኝ ጻፈው።